የፖሊመር ሰንሰለት ከሙሙት ሲወጣ ለምን ይታጠፋል?

እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አንድሩ ኬለር፣ ጥቂት ፖሊኢትሊን በትኩስ ዛይሊን አሟሙተው ሙሙቱን ሲያቀዘቅዙ ስስ ገበታ የመሰሉ ነጠላ ክሪስታሎች አገኙ። የገበታዎቹ ውፍረት 10 ናኖሜትር ያህል ነበር። የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ውጤቱ ደግሞ ሰንሰለቶቹ ለገበታው ሰፊ ገጽ ቀጤ ነክ ሆነው መቆማቸውን አመለከተ።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ብዙ ይናገራል። የሞላር ክብደቱ በሞል 100,000 ግራም የሆነ ሰንሰለት 7,140 ያህል የካርቦን አተሞች አሉት። እያንዳንዱ አተም 0.127 ናኖሜትር ስለሚጨምር ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ሲለካ ወደ 900 ናኖሜትር ይደርሳል። ይህ ርዝመት በ10 ናኖሜትር ገበታ ውስጥ ሊቆም የሚችለው ከገጹ በደረሰ ቁጥር እየታጠፈ ሲመለስ፣ ይህንንም ዘጠና ጊዜ ገደማ ሲደጋግም ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ እጥፋት ኢነርጂ ያስከፍላል። በቴርሞዳይናሚክስ መለኪያ እጅግ የተረጋጋው ክሪስታል ሰንሰለቶቹ ሙሉ በሙሉ የተዘረጉበት ነው። ታዲያ ስሱ ገበታ ለምን ይፈጠራል? ላውሪትዘንና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መልሱን በእድገት ፍጥነት ላይ ያኖረዋል። በክሪስታሉ ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ቀጥ ያለ የሰንሰለት ክፍል እጅግ አጭር ከሆነ ተመልሶ ይሟሟል። እጅግ ረጅም ከሆነ ደግሞ የተጠቀለለው ሰንሰለት ከማረፉ በፊት ብዙ መዘርጋት አለበት፤ ይህም እምብዛም አያጋጥምም። ስለዚህ ፈጥኖ የሚያድገው ለመጽናት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ርዝመት ጥቂት ብቻ የሚበልጠው ነው። ይህ ዝቅተኛ ርዝመት ሙሙቱ ከመሟሟቻው ሙቀት በታች በቀዘቀዘበት መጠን ስለሚያጥር፣ ቅዝቃዜው ሲበረታ ገበታው ይሳሳል። የተገኘው ገበታ ከመቅለጫው በታች ቢሞቅ ይወፍራል፤ መልሶ ቢቀዘቅዝ ግን አይሳሳም። ይህም የመጀመሪያው ውፍረት የሚዛን ውጤት እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሰንሰለቱ ታጥፎ የሚገባበት ስፍራ ግን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ኬለር ከወጣበት አጠገብ ይመለሳል ሲሉ፣ ፖል ፍሎሪ በበኩላቸው እንደ ስልክ ማዞሪያ ገመዶች ወደ ሩቅ ስፍራም ሊሻገር እንደሚችል ተከራከሩ። በኋላ የተካሄዱት የኒውትሮን ስካተሪንግ ልኬቶች ጉዳዩን በሁኔታ ለዩት፦ በቀጠነ ሙሙት ውስጥ ሰንሰለቶቹ ስለሚራራቁ በአጠገብ መመለስ ያመዝናል፤ ከቀለጠ ፖሊመር በሚወጡት ክሪስታሎች ግን ሰንሰለቶቹ የተወሳሰቡ በመሆናቸው ይህ ሥርዓት ይላላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቤተ ሙከራ ሥራ ቀጥተኛ ፋይዳ አለው። የገበታው ውፍረት የናሙናውን የማቀዝቀዝ ታሪክ የሚመዘግብ እንጂ የፖሊመሩ ቋሚ ባሕርይ አይደለም። የመቅለጫ ሙቀቱም ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይለዋወጣል፤ የፖሊኢትሊን የሚዛን መቅለጫ ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ስስ ገበታዎቹ ከዚያ በታች ይቀልጣሉ። ስለሆነም ክሪስታሉ ያደገበትን ሙቀት ሳይገልጹ የሁለት ናሙናዎችን መቅለጫ ማነጻጸር የውፍረትን ልዩነት የኬሚስትሪ ልዩነት አድርጎ ወደ መተርጎም ይመራል።