የአንገታችን ዕጢ ሲደክም

ወገኖች፣ በአንድ ደጋ ቀበሌ የማታ ትምህርት ስናስተምር አንዲት እናት ሁልጊዜ በትምህርቱ መሀል ያንቀላፉ ነበር። እማማ እንበላቸው። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ይደርባሉ። ፊታቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የደረቀ፣ ድምፃቸው የጎረነነ ነው። ጥቂት እየበሉ ሰውነታቸው ይከብዳል፤ ሆዳቸው ይደርቃል። አንዱ ጎረቤት «ስንፍና ነው» ይላል፤ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። እኛም የተማርን መስሎን «በርቱ እንጂ» እያልን እንመክራቸው ነበር። ስንፍና አልነበረም።

በአንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ። ታይሮይድ ይባላል። ዕጢው ሆርሞን የሚባል ነገር እየሠራ ወደ ደም ይልካል። ሆርሞኑ የሰውነታችንን እሳት እንደሚቆሰቁስ ሰው ነው። ሲያንስ ልብ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ሰውነት ይበርደዋል፣ ሐሳብም ይዘገያል።

ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። በደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈር ጠርጎ ስለሚወስድ እህሉም የሚይዘው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ዕጢው ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞን አንሶታል ማለት አይደለም፤ አንገቱ ሳያብጥ ዕጢው የደከመበትም አለ። በእርግዝና ጊዜ አዮዲን በጣም ካነሰ የሚወለደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ፣ ጆሮው ሊደነቁር ይችላል። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዘዘው። ጨው ስትገዙ ከረጢቱን አንብቡ፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ዕጢው ፈጽሞ ከደከመ ግን ጨው አይበቃም። የጎደለውን ሆርሞን ራሱን መስጠት ያስፈልጋል። በ1891 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ጆርጅ መሪ የተባለ ሐኪም ከበግ አንገት ዕጢ የወጣ ጭማቂ አንዲት በሽተኛን ወጋ። ሴትዮዋ ተሻላት፤ መድኃኒቱን እየወሰደችም እስከ 1919 ኖረች። እኛ በግ ስናርድ የምንጥለው ነገር! ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን አለ።

አስቸጋሪው መጠኑ ነው። የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም ለሚሊዮን ቢከፈል አንዷ ድርሻ ማለት ናት። ክኒኑ ባለ 25፣ ባለ 50፣ ባለ 100 እየሆነ ይመጣል። ለሁሉ የሚሆን አንድ መጠን የለም። ሽማግሌና ልበ ሕመምተኛ በትንሹ ይጀምራል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ይልላታል፤ ስለዚህ እንዳረገዘች ቶሎ ለሐኪም መንገር አለባት።

ሐኪሙ መጠኑን በምን ያውቃል? በሬ ሲለግም ገበሬው ጅራፉን ያስጮኻል፤ ደህና ሲስብ ዝም ይላል። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ እንዲሁ ታይሮይድን የምታዝበት መልእክት አላት። ቲኤስኤች ይሉታል፤ በደም ይለካል። ጅራፉ ብዙ ከጮኸ መድኃኒቱ አንሷል፤ ጭራሽ ከጠፋ በዝቷል። ሰውነት እስኪረጋ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈጅ ከዚያ በፊት መለካት ዋጋ የለውም። «ሳምንት ሙሉ ውጬ ምንም አልለወጠኝም» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

እማማ በ50 ጀመሩ። በሁለት ወር ደማቸው ሲለካ እምብዛም አልተሻሻለም። ሐኪሙ «እንዴት ነው የሚውጡት?» ሲላቸው «ከቡና ጋር፣ ልጆቼ እንዳሉኝ» አሉ። ልጆቼ ያሉት እኛን ነው። እንዳይረሱ ብለን የመከርናቸው እኛ ነበርን! ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡናና ቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ክኒን ደግሞ በአራት ሰዓት ይራቅ።

ምራታቸውም «እኔም ደክሞኛል» ብላ ልትካፈላቸው ነበር። ድካም ሁሉ ከዚህ ዕጢ አይመጣም። ሳያስፈልገው የዋጠ ወይም መጠኑን ያለፈ ሰው ልቡ ይመታበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይከሳል።

እማማ በሦስተኛው ምርመራ 100 ላይ ረጉ። ከዚያ በኋላ ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ ሆነላቸው። ሲሻላቸው ማቆም አምሯቸው ነበር፤ የደከመው ዕጢ ግን አልተነሣም፤ የሚሠራላቸው ክኒኑ ነው። አሁን ጋቢያቸውን የሚደርቡት ሲመሽ ብቻ ነው።