የመኪና ስክሪን ላይ አማርኛ ለምን ሳጥን ይሆናል?

ፓርክ ሂል ውስጥ አበሻ የሚነዳው መኪና ውስጥ ከገባችሁ፣ ስልኩ በብሉቱዝ ሲያያዝ ስክሪኑን ልብ ብላችሁ እዩት። የዘፈኑ ርዕስ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የዘፈኑስ ይቅር፤ የሚደውለው ሰው ስምም ሳጥን ነው። እናቱ ትሁን ደንበኛው ለማወቅ ነጂው ስልኩን ያነሳል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ተከልክሏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ 75 ዶላርና 2 ነጥብ ይቀጣል። ከኮልፋክስ ኤርፖርት ሲመላለስ ለሚውል ሰው መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው።

ችግሩ አንድ አይደለም፤ ስክሪኑ ራሱ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ሳጥን ካያችሁ ጽሑፉ በደህና ደርሷል ማለት ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ቁጥር 3.0 ነው። ዋናው ምድብ 384 ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በነፃ ይገኛል፤ ስለዚህ «ቦታ አይበቃም» የሚል ምክንያት እኔን አያሳምነኝም።

ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ ከተደጋገመችባችሁ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው። «መ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 152። ዋናው ምድብ ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ የሚጀምረው በ225 ነው። መኪናው ባይቶቹን እንደ ድሮው ላቲን-1 ካነበባቸው 225 ያቺ ባለ ጭረት «ኤ» ናት። እዚህ ላይ ፎንት ቢጨመር ዋጋ የለውም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ደግሞ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ስክሪኑ ሊመልሰው አይችልም።

ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ ላይ ይህ ሁሉ የማይታየው ስክሪኑን የሚስለው ስልኩ ስለሆነ ነው። መኪናው የሚቀበለው ቪዲዮ ነው፤ ፊደል ማወቅ አይጠበቅበትም። ገመዱን ነቅላችሁ በብሉቱዝ ብቻ ስትቀሩ ሳጥኑ ይመለሳል። የእኔም መኪና እንዲሁ ነው፤ ሻጩ ጋ ሄጄ ስጠይቅ «ስልክህን አድስ» ተባልኩ። ስልኩ ምን አደረገ?

ለጊዜው የሚሠራ ዘዴ አለ፦ አድራሻ መዝገባችሁ ላይ ስሙን በላቲን ፊደልም ጻፉ፣ ላቲኑ ግን ይቅደም። ስክሪኑ ረጅም ስም ሲቆርጥ የሚያስቀረው መጀመሪያውን ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማው የድምፅ ትእዛዝም ያን ጊዜ ስሙን የማግኘት ዕድል ይኖረዋል።

የሙዚቃ አፕ የምትሠሩ ደግሞ የአይዲስሪን የመጀመሪያ ቅርጽ አትመኑ። ለርዕስ የሚሰጠው 30 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ለአማርኛ 10 ፊደል ማለት ነው፣ ክፍተት ሳይቆጠር። ርዕስ ስታሳጥሩም በባይት ሳይሆን በፊደል ቁረጡ። አለዚያ የመጨረሻው ፊደል መሐሉ ላይ ይቆረጥና ፎንት ያለው መኪና እንኳ ምልክት የማይገባ ነገር ያሳያል።