የኤሌክትሪክ መኪና በሱወይዲ፦ የፋብሪካዎች ፉክክርና የተከራዩ ሒሳብ

በሪያድ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለጸጎች ወሬ ነበር። ዛሬ ግን በሱወይዲ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ ደጃፍ የሚገናኙ ወገኖቻችን የቤተሰብና የሀገር ደኅንነት ተጠያይቀው ወደ መኪና ጨዋታ ሲሻገሩ፣ ከካምሪና ከኮሮላ ጎን የቻይና ስሞችን ማንሳታቸው የተለመደ ሆኗል። እኔም የዚሁ ሰፈር ተከራይ፣ በቤንዚን የምትሠራ ያረጀች የጃፓን መኪና ባለቤት ነኝ። የምለውጥበት ጊዜ በመቃረቡ ገበያውን ለወራት ስከታተል ቆይቻለሁ። የደረስኩበት አስተያየት ይህ ነው፦ የፋብሪካዎቹ ፉክክር የሚጠቅመው መኪናውን የት እንደሚሞላ፣ ማን እንደሚጠግንለትና በመጨረሻ በየትኛው ሀገር እንደሚነዳው አስቀድሞ ላወቀ ገዢ ነው።

በነዳጅ ሒሳብ ልጀምር። በሳዑዲ ዓረቢያ የ91 ቤንዚን ዋጋ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በሊትር 2 ሪያል ከ18 ሃላላ ላይ ቆሟል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና ለዚያ መንገድ 15 ሪያል ገደማ ታስወጣለች። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በበኩሉ ለተመሳሳይ ርቀት 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሃላላ በመሆኑ ወጪው ከነታክሱ ከ3 ሪያል ብዙም አይዘልም። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ትርፉ ወደ 2,400 ሪያል ይጠጋል። ገንዘቡ አይናቅም። ነገር ግን የኤሌክትሪኩ መኪና ከቤንዚኑ በ20,000 ሪያል የሚበልጥ ከሆነ፣ ልዩነቱን በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ለመመለስ ከስምንት ዓመት በላይ ይወስዳል። ኢቃማውን በየዓመቱ ለሚያድስ ሰው ስምንት ዓመት ረጅም ዕቅድ ነው።

ይህም ሒሳብ የሚሠራው ቤቱ ለሚሞላ ሰው ነው። ሱወይዲ በሪያድ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ ተከራይ የበዛበት ሰፈር ነው። መኪኖቻችን የሚያድሩት ጥላ በተገኘበት የመንገድ ዳር ነው። በራሱ ግቢ የሚያቆም ሰው በተራ የግድግዳ ሶኬት ሌሊቱን አሥር ሰዓት ቢሞላ ለ130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበቃ ኃይል ያገኛል፤ ለከተማ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ተከራይ ግን ከመስኮቱ ገመድ ሊያወርድ አይችልም፤ ቢችልም አደገኛ ነው። እኛ በምንኖርበት ሕንጻ ጉዳዩን ለባለቤቱ አንስተንለት የመጀመሪያ ጥያቄው፣ የመብራቱን ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚል ነበር። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ለብቻው የሚቆጥር ቆጣሪ ከሌለ ክርክሩ በጎረቤታሞች መካከል ነው የሚነሳው። በሕዝብ ፈጣን መሙያ ጣቢያዎች መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ዋጋቸው ከቤት ስለሚበልጥ ከላይ ያሰላነውን ትርፍ ይቀንሱታል።

መንግሥት በዚህ ረገድ ትልቅ ግብ አስቀምጧል። የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ 75 በመቶ፣ የሳዑዲ ኤሌክትሪክ ኩባንያ 25 በመቶ ድርሻ ይዘው ያቋቋሙት ኢቪአይኪው የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ 5,000 ፈጣን መሙያዎችን ለመትከል አቅዷል። በሪያድ ከሚንቀሳቀሱ መኪኖች 30 በመቶው በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ እንዲሆኑ የተያዘውም ግብ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የተደረገ ነው። ወደ ዑምራ በመኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ የጣቢያዎቹ መብዛት ከሁሉም ይበልጣል። ከሪያድ እስከ መካ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣኢፍ መንገድ የፍጥነት ወሰን ደግሞ 140 ነው። በፍጥነትና በአየር ማቀዝቀዣ ምክንያት፣ በወረቀት ላይ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና በበጋ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ምናልባትም ሦስት ጊዜ መቆም ይኖርበታል። በረመዷን የመጨረሻ አሥር ቀናት ሰው ሁሉ ወደዚያው ሲጎርፍ በመሙያው ፊት የሚኖረውን ሰልፍ መገመት አያዳግትም።

ሙቀቱንም አንርሳ። ርካሽ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ነው። የመጀመሪያዎቹ የኒሳን ሊፍ ሞዴሎች ይህ አልነበራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና በረሃ ባለቤቶቻቸው ባትሪው አቅሙን በፍጥነት አጣብን ብለው ቅሬታ አሰምተዋል። የሪያድ በጋ ከአሪዞና አይተናነስም።

ወደ ፉክክሩ ስንመጣ ጎልቶ የሚታየው ቢዋይዲ ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሸንዠን ከተማ ውስጥ በባትሪ ሠሪነት ተነስቶ፣ በ2003 ወደ መኪና ገብቶ፣ በ2025 ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን በመሸጥ 1.6 ሚሊዮን ገደማ የሸጠውን ቴስላን በዓመታዊ ሽያጭ በልጧል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ የአውሮፓ ኅብረትም በነበረው 10 በመቶ ላይ እስከ 35.3 በመቶ ጨምሯል። በሮች ሲጠቡበት የቻይናው አምራች ፊቱን ወደ ባሕረ ሰላጤውና ወደ አፍሪካ ማዞሩ አይደንቅም። ቴስላም ቢሆን በሚያዝያ 2025 በሪያድ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ሉሲድ ከመስከረም 2023 ወዲህ በንጉሥ ዓብደላህ የኢኮኖሚ ከተማ መኪና ይገጣጥማል፤ የሀገሪቱ የራሷ ምልክት የሆነው ሲርም በዚያው ከተማ ፋብሪካውን እየገነባ ነው።

የዋጋ ፉክክር ለአዲስ ገዢ ደስ ይላል፤ ትናንት ለገዛው ግን ሌላ ነው። ቢዋይዲ በግንቦት 2025 በቻይና በ22 ሞዴሎች ላይ እስከ 34 በመቶ ዋጋ ሲቀንስ፣ ከአንድ ወር በፊት የገዛው ሰው መኪና በአንድ ሌሊት ዋጋው ወርዷል። ከዚህ የሚከፋው የአምራቹ መውደቅ ነው። የአሜሪካው ፊስከርም ሆነ የቻይናው ዌልትማይስተር በኪሳራ ወደ ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ የኔታ መኪና ሠሪ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ዕጣ ደርሶታል። ቤንዚን መኪና ሠሪዋ ብትዘጋ ጎበዝ መካኒክ ያቆያታል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ግማሽ አካሉ ሶፍትዌር ስለሆነ ያለ አምራቹ ድጋፍ መቆየቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት አንድ ገዢ ከመኪናው ውበት በፊት የወኪሉን መለዋወጫ መጋዘንና የባትሪውን ዋስትና ይመርምር።

አሁን ወደ ብዙዎቻችን ልብ ልግባ። ዓመታት ሠርቶ መኪና ገዝቶ ወደ ሀገር የመግባት ሐሳብ ሱወይዲ ውስጥ የማያውቅ የለም። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በአቶ ዓለሙ ስሜ አንደበት፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር መኪና ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታውቃለች። እንዲህ ያለ ክልከላ በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ቀደም ብሎ በ2022 በወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ፣ ከሱርና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ተደርገው፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወስኗል። ታክስ የሚለዋወጥ ነገር ነውና ከመግዛት በፊት የጊዜውን መመሪያ ከጉምሩክ ማረጋገጥ ግድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሀገሪቱ ነዳጇን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪኳን ግን ከወንዞቿ ታመነጫለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በልጦ ሳለ፣ በሪያድ ያልሰመረው ሒሳብ እዚያ ይሰምራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዳይ የመሙያው ሶኬት ነው። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚሠሩ መኪኖች የአውሮፓውን ዓይነት መሰኪያ ሲይዙ፣ በቻይና ለቻይና የተሠሩት የራሳቸው የተለየ መሰኪያ አላቸው። በአዲስ አበባ መንገዶች የሚታዩት ኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት የኋለኞቹ ናቸው፤ ፎልክስዋገን አይዲ 6ን የመሰለው እንኳ የተሠራው ለቻይና ገዢ ነው። ከሪያድ የተገዛ መኪና እዚያ ሲደርስ ከጎረቤቱ ገመድ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ መለወጫ መሣሪያ ቢኖርም ለፈጣን መሙያ የሚሆነው ውድ ነው። ከክፍለ ሀገር ወገኖቻችን ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፦ ደሴ ወይም ጅማ ላይ ባትሪ የሚፈታ ጋራዥ አለ ወይ?

እንግዲህ በቅርቡ ጠቅልሎ ለሚገባ ወንድም ገንዘቡን ይዞ ሄዶ እዚያው፣ ወኪልና ጋራዥ ካለው አስመጪ እንዲገዛ እመክራለሁ። በሪያድ ለሚቆይና የራሱ ማቆሚያ ለሌለው ሰው ለጊዜው ሃይብሪድ ይሻለዋል። እኔ ሥራዬ ገና እዚህ ስለሆነ ያቺን አሮጊት መኪናዬን ለአንድ ዓመት ላቆያት ወስኛለሁ። የሕንጻችን ባለቤት አምስት ተከራዮች ከጠየቁት ግቢው ውስጥ የራሱ ቆጣሪ ያለው መሙያ ሊያስገጥም ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮናል። እስካሁን ሦስት ሆነናል።