ብዙ እጅ ስለሚነካው የኮምፒውተር ማውስ ንጽሕናና አያያዝ

በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አንዲቱን ማውስ በቀን ስንት እጅ እንደሚይዛት የሚቆጥር መምህር ጥቂት ነው። አንዱ ተማሪ ጠመኔ የያዘበትን፣ ሌላው አፍንጫውን የጠረገበትን፣ ሦስተኛው ከምሳ በኋላ ያልታጠበውን እጅ ያሳርፍባታል። በላሊበላ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ በተለይም ለልደት በዓል ምእመናን ከየአገሩ በሚሰበሰቡበት ሰሞን ጸሐፊው ገንዘብ በተቀበለበት እጅ መልሶ ማውሷን ይይዛል።

ይህች መሣሪያ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር በዳግላስ ኤንግልባርት አሳብና በቢል ኢንግሊሽ እጅ ከእንጨት ተሠርታ፣ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ታየች። ስሟ በእንግሊዝኛ «አይጥ» ማለት ነው። በንጽሕና ጽሑፍ ውስጥ አይጥ ሲነሣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማጥፋት ነው፤ ይህችኛይቱ ግን ተጠብቃ ልትኖር የሚገባት ናት።

የላስታ በጋ አቧራማ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞዎቹ ማውሶች ውስጥ ትንሽ ኳስ እየተንከባለለች እድፍን ከጠረጴዛ ወደ ውስጥ ታስገባ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ከሥራቸው ብርሃን ያበራሉ፤ ትንሿ ዓይናቸውም የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሥዕል እያነሣች እንቅስቃሴውን ታስተያያለች። ስለዚህ አንዲት ክር ወይም ጸጉር በቀዳዳው ብትገባ ቀስቱ በመስኮቱ ላይ ይዘላል፤ ወይም ይቆማል። ማውሷ ተበላሸች ብሎ ከመጣል በፊት ገልብጦ ማየት ይገባል። በመስተዋት ጠረጴዛ ላይም በደንብ ስለማትሠራ ከሥሯ ወረቀት ቢነጠፍላት ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልንተወው የሚገባን ልማድ ማውስን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ነው። የነጠላው ክር በዓይኗ ውስጥ ይቀራል። ከዚህም የከፋው ያው ጫፍ ጧት የሕፃን ዓይን የተጠረገበት ሊሆን መቻሉ ነው። የአማራ ክልል በትራኮማ በብርቱ ከተጠቁት አገሮች አንዱ ነው፤ ሕመሙም በእጅ፣ በጋራ ጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ማውስን በመጥረግ ብቻ ትራኮማ ይጠፋል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ጉንፋንም ሆነ የዓይን ሕመም በራሳችን ጣት ወደ ፊታችን ሊደርስ ይችላል።

ለማጽዳት በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይዘጋ፤ የማውሷም ሽቦ ይነቀል። ሽቦ የሌላት ብትሆን ባትሪዋ ይውጣ። ወዝና እድፍ ካለባት አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ርሶ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ትጠረግ፤ በእድፍ ላይ የፈሰሰ አልኮል ሥራውን አይሠራምና። ቀጥሎም የመነጽር መጥረጊያን በመሰለ ለስላሳ ጨርቅ፣ በ70 በመቶ አልኮል እርጥብ አድርጎ ጀርባዋን፣ ጎኗንና ቁልፎቿን ማበስ ነው። ንጹሕ አልኮል ፈጥኖ ስለሚተን ጀርም በመግደል 70 በመቶው ይበልጠዋል። አንዳንድ ሰዎች በአረቄ ሲጠርጉ ይታያሉ፤ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ስለሚያስፈልግ የቤት አረቄ አይበቃም። በረኪናም ሽፋኑን ስለሚጎዳ አይመከርም። አልኮሉ በእሳት አጠገብ፣ የቡና ከሰል በተቀጣጠለበትም ክፍል እንዳይከፈት ጥንቃቄ ያሻል።

በመንኮራኩሯ ዙሪያ የተጠራቀመው በስንጥር፣ ዓይኗ በደረቅ የጥጥ እንጨት ይጸዳል። ከሥሯ በእግሮቿ ላይ የተጋገረውን እድፍ በቢላዋ መፋቅ አይገባም፤ ጥፍር ወይም እንጨት ይበቃል። ፈጽማ ሳትደርቅ ከኮምፒውተሩ ጋር አትያያዝ።

ይህ ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጉንፋን ወራት ግን በየቀኑ ቢደረግ መልካም ነው። ሆኖም ያልታጠበ እጅ በጸዳች ማውስ ላይ ቢያርፍ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ውኃ በሚያጥርበት ጊዜም ቢሆን ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ጀሪካንና ሳሙና በክፍሉ በር ላይ ሊኖር ይገባል፤ ጀሪካኑን ጧት ጧት የሚሞላ ተማሪም በተራ ይመደብ።