የሥራ ማኅደር እንደ ምስክር፦ የጥበብ ዝንባሌ ያላቸውን ተማሪዎች ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለ ማዘጋጀት

በጊንጪ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ



 የዛሬው ጉዳያችን ጠባብ ሊመስል ይችላል። ሥዕል የሚሥል፣ ክራር የሚመታ ወይም ጭውውት ጽፎ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ተማሪ ወደ ኮሌጅ የጥበብ ትምህርት ክፍል እንዲገባ ማመልከቻውን እንዴት እናዘጋጅለት የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የወረቀት ብቻ አይደለም። ከዋና ከተማው ርቆ የሚያድግ ልጅ ሥራውን የሚያይለት ሰው ካላገኘ፣ ችሎታው በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ ተሥሎ እዚያው ይቀራል። እኔ ላስረዳ የምሻው ሐሳብ አንድ ነው፤ ማመልከቻ በ12ኛ ክፍል ማብቂያ በጥድፊያ የሚጻፍ ልመና ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠራቀም የሥራ ማስረጃ ነው። ማስረጃውም የሚገኘው ከሩቅ ሳይሆን ከዚሁ ከጊንጪና ከአካባቢዋ ነው።

ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ እንጀምር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። በአምቦ ተማሪ ሳለ «ንጉሥ ዲዮኒሲዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለውን ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመታየት በቃ። ከዚያ በኋላ የንግድ ሥራ ትምህርት ተማረ፤ ሕግም አጠና፤ በመጨረሻም በለንደን ሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤቶች የመድረክን ጥበብ ቀሰመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲመሠረት ዐቢይ ድርሻ አበረከተ። ዛሬ ልጆቻችን ሊያመለክቱበት የሚመኙት ክፍል የአካባቢያቸው ልጅ አሻራ ያለበት ነው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ታዳጊው ጸጋዬ የሚታይ ሥራ ነበረው፤ «ችሎታ አለኝ» ከማለቱ በፊት ተጽፎ ያለቀ ተውኔት በእጁ ነበር። ሁለተኛ፣ ሥራው መድረክ ላይ እንዲወጣ ትምህርት ቤቱ በር ከፍቶለት ነበር።

የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም ታሪክ ለወላጆች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። የሥዕል ዝንባሌው ግን ጎልቶ በመታየቱ በለንደን ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። «ልጄ መሐንዲስ ይሁንልኝ» የሚል ወላጅ ክፉ አልተመኘም። ነገር ግን የልጁን ሥራ አይቶ ለመመዘን ዕድል ያላገኘ ወላጅ ምኞቱን የሚያሻሽልበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ የሥራ ማስረጃ የሚያስፈልገው ለፈታኙ ብቻ ሳይሆን ለወላጅም ነው።

ሁለቱ በሮች

ወደ ጥበብ ትምህርት የሚወስደው መንገድ ሁለት በሮች አሉት። አንዱ የአጠቃላይ ትምህርት ውጤት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ይህን መስፈርት ያሟሉት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። ስለዚህ «እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ የመጀመሪያውን በር በገዛ እጁ እየዘጋ ነው። ይህን በግልጽ አለመንገር ልጁን ማታለል ይሆናል።

ሁለተኛው በር የተግባር ፈተናና የሥራ ምዘና ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእንዲህ ያለ ተቋም ፈታኝ ሊያይ የሚፈልገው የአመልካቹ ዐይን ያየውን እጁ ምን ያህል እንደሚያሰፍር ነው፤ ይኸውም ልኬቱን፣ ብርሃንና ጥላውን፣ የነገሮችን አቀማመጥ ነው። በሙዚቃ በኩል፣ ለምሳሌ ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት፣ የሰሙትን ድምፅ መልሶ ማዜም፣ ምት መጠበቅና መሣሪያን ለመልመድ ያለ ዝግጁነት ክብደት አላቸው። በቴአትር ደግሞ ንግግርን በትክክል ማሰማት፣ ሰውነትን ማዘዝና የተሰጠን ሁኔታ በቅጽበት መጫወት ናቸው። መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል የየዓመቱን ማስታወቂያ ከተቋሙ በቀጥታ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሥራ ማኅደር አያያዝ

ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሥራ ማኅደር የተማሪው ሥራዎች ተመርጠውና በሥርዐት ተቀምጠው የሚገኙበት ስብስብ ነው። በየትምህርት ቤቱ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የታወቁ ሰዎችን ፎቶግራፍ ወይም ከስልክ ላይ የተገኘን ሥዕል አስመስሎ መገልበጥ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥትን ያሳይ ይሆናል፤ ማየትን ግን አያሳይም። ፎቶግራፉ ሦስቱን የዓለም አቅጣጫዎች አስቀድሞ ወደ ሁለት ቀይሮ፣ ብርሃኑንም መርጦ ጨርሶታልና ለተማሪው የቀረለት ውሳኔ ጥቂት ነው።

ታዲያ ምን ይሣል? ጀበና ይሣል፤ ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገት፣ ብርሃን የሚያንሸራትት ጥቁር ገጽ ስላለው ለብርሃንና ጥላ ልምምድ እጅግ ይመቻል። የጋሪ ጎማ ይሣል፤ ክብ ነገር በጎን ሲታይ እንዴት እንደሚጠብ ያስተምራል። ቆሞ የሚያርፍ ፈረስ፣ የገበያ ቀን ግርግር፣ የጤፍ ክምር፣ የጭልሞ ደን ዛፎች፣ እነዚህ ሁሉ ክፍያ የማይጠይቁ መምህራን ናቸው። ሠዓሊ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቀው በእጁ ያለውን ነገር ስላልናቀ ነው። ከሰል፣ ሸክላ፣ ቆዳና የማሸጊያ ካርቶንም የጥበብ ዕቃዎች ናቸው።

ለቴአትርና ለሙዚቃ ዝንባሌ ላላቸውም ይኸው መርሕ ይሠራል። አንድ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ጌራርሳ ቀርጾ፣ ማን መቼ እንደሚያዜመውና ምን ለማለት እንደሚዜም አብሮ ቢጽፍ፣ ማዳመጥና ማጥናት እንደሚችል አስመሰከረ ማለት ነው። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሽምግልና ላይ ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ የሚያስተውል ልጅ ለተውኔት የሚሆን ምልልስ በእጁ አለ።

መምህራን ሦስት ቀላል ሥርዐቶች እንድትጀምሩ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ሥራ ጀርባ ቀን ይጻፍ፤ የ9ኛ ክፍሉና የ11ኛ ክፍሉ ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጡ እድገቱ ራሱ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ያልተሳኩ ንድፎች አይጣሉ፤ ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ የሚታየው በእነርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራዎቹ በስልክ ፎቶ ይነሡ። ይህም በጥላ ሥፍራ፣ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ በመያዝ ይሁን፤ ቅጂውም ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ከብዙው ጥቂቱን መምረጥ ይመጣል። አንድ ደካማ ሥራ የአምስት ጠንካራ ሥራዎችን ግምት ሊያወርድ ይችላል። ተማሪው የሚወድደውና ፈታኙን የሚያሳምነው ሥራ ሁልጊዜ አንድ ስላልሆኑ፣ ምርጫው ሌላ ዐይን ባለበት ቢደረግ ይበጃል።

የጽሑፍ መግለጫና የድጋፍ ደብዳቤ

የአካባቢያችን ተማሪ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ማመልከቻውንም በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት የብዙዎች መግለጫ ከሌላ ሰው የተቀዳ ይመስላል። መፍትሔው አስቀድሞ በሚያስብበት ቋንቋ መጻፍ፣ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ ሌላው መመለስ ነው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ጥበብ በደሜ ውስጥ ነበረች» የሚለው ዐረፍተ ነገር የማንም ሊሆን ይችላል። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «እናቴ እንጀራ ስትጋግር ጭሱን ለመሣል ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። በአራተኛው ጭሱን ትቼ ዙሪያውን በከሰል አጠቆርሁ፤ ጭሱ ባዶ የተተወው ወረቀት ሆነ።» ይህች ልጅ ችግር ገጥሟት፣ መላ ፈልጋ፣ መላውን ማስረዳት እንደቻለች በሁለት ዐረፍተ ነገር ዐወቅን። ስለ ተሰጥኦዋ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ አላስፈለጋትምም።

የመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። «ጎበዝ፣ ትሑትና ታዛዥ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ስለ ጠባዩ ይናገራል፤ ስለ ሥራው ግን ዝም ይላል። መምህሩ ያየውን አንድ ነገር በዝርዝር ቢጽፍ፣ ለምሳሌ ተማሪው የክፍሉን ጭውውት ሲያዘጋጅ የማይናገረውን ልጅ እንዴት እንዳሳተፈው ቢገልጽ፣ ከአሥር ምስጋና ይበልጣል።

ስለ ውጭ አገር ማመልከቻ

በውጭ አገር ለመማር የሚያስቡም አሉ። በካምፓላ የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ በማርጋሬት ትሮዌል ስም የሚጠራ አንጋፋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለው። በአሜሪካ የሚገኘው የሮድ አይላንድ ዲዛይን ትምህርት ቤት ከአመልካቾች ከ12 እስከ 20 የሚደርሱ ሥራዎችን ይጠይቃል። በሁሉም ዘንድ የሥራ ማኅደሩ ይዘት ከጌጡ ይበልጣል። «ገንዘብ ክፈሉና ነፃ የትምህርት ዕድል እናስገኛለን» ከሚሉ ደላሎች ግን ተጠንቀቁ፤ የክፍያ ነፃነትን የሚመለከት ጥያቄ በቀጥታ ለተቋሙ ይጻፍ። በኮምፒዩተር ፕሮግራም የተሠራን ሥዕል ወይም ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብም በተግባር ፈተናው ቀን ይጋለጣል።

መደምደሚያ

ይህን ሁሉ አድርገን ያልተቀበሉት ተማሪ ይኖራል፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈተናውም ከባድ ነውና። ያን ጊዜ በእጁ ምን ይቀራል? ማስረጃ የሌለው ተማሪ «አልቻልሁም» ብሎ ይመለሳል። የአራት ዓመት ማኅደር ያለው ግን ሥራው ከእርሱ ጋር ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ያመለክትበታል፤ በሙያ ማሠልጠኛ፣ በማስታወቂያና በጌጣጌጥ ሥራ ቤት ያሳየዋል፤ መምህር ቢሆን ያስተምርበታል።

ስለዚህ ከዛሬው ስብሰባ ስትመለሱ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። መምህራን፣ በክፍላችሁ ደብተሩን ከጠረጴዛ በታች አድርጎ የሚሥለውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ነገ «ደብተርህን ዝጋ» ከማለታችሁ በፊት «እስቲ አሳየኝ» በሉት። ከዚያም ቀኑን እንዲጽፍበት ንገሩት።