ሦስት መቀስ ለዘጠኝ ልጅ

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀጭኔን፣ አንበሳን፣ ዝሆንንና ጅብን በአማርኛ ትጠራለች። ከአንድ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። አያቷ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች።

ለረጅም ጊዜ ችግሩ የቃላት ማነስ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የቃላት ካርድ አዘጋጀሁላት። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ካርዶቹን በስልክ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራምም ጻፍኩ። ልጄ ሁለት መቶ ስሞች አጠናች። አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የብርቱካን ጭማቂውን ክዳን ለመክፈት ትታገላለች። አቃታት። ካርቶኑን ወደ እኔ ዘረጋችና ዝም ብላ ታየኝ ጀመር። ካርቶን፣ ክዳን፣ ብርቱካን፣ አባት፣ ሁሉንም ታውቃለች። «ክፈትልኝ» የሚለው ግን በካርዶቼ ውስጥ አልነበረም።

የምንኖረው በካልጋሪ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባለው ሰፈር ነው። ከሰፈራችን በስተደቡብ 17ኛው አቬኑ አለ፤ «ኢንተርናሽናል አቬኑ» ይሉታል። እንጀራና በርበሬ ፍለጋ የምንወጣው ወደዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን አንድ ክፍል እንከራይና ለልጆቻችን አማርኛ እናስተምራለን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ማሞቂያው ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይጮኻል።

ባለፈው ክረምት፣ የካናዳውን ክረምት ማለቴ ነው፣ ሁላችንም «ቲቸር» የምንላቸው መምህርት ጠሩኝ። «አንተ መሐንዲስ አይደለህ እንዴ? ልጆቹ ፊደል ብቻ ሰለቻቸው። በእጃቸው የሚሠሩት ነገር አምጣላቸው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያሳፍረኛል። ከሱቅ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ የእጅ ሥራ ሣጥን ገዛሁ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች። በሣጥኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተቆርጧል፣ ተቀብቷል፣ ጀርባው ላይ ኮላ ተደርጎበታል። የልጆቹ ሥራ ልጦ መለጠፍ ብቻ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ አንድ ዓይነት ፔንግዊን ተሠራ። አንድም የአማርኛ ቃል አልሰማሁም። ሁሉም የየራሱ ሣጥን ካለው ምን ያነጋግራቸዋል?

የዚያን ቀን ማታ አንደኛ ክፍል ስገባ የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። መምህራችን በመጀመሪያው ሳምንት ያዘዙን ቆርኪ እንድናመጣ ነበር። ቆርኪ ማለት የለስላሳ ወይም የቢራ ጠርሙስ የብረት ክዳን ነው። ከየሱቁ ደጃፍ ለቅመን አመጣን፤ በሚስማር በስተን አሥር አሥሩን በክር ሰካነው። መደመርና መቀነስ የተማርነው በእሱ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው፤ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይባላል። መምህራን ከካርቶን ሰዓት ይሠራሉ፤ በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ካርታ ወይም የሰውን የሰውነት ክፍሎች ይሥላሉ። እነዚህ ሥራዎች የሚሠሩበትና የሚቀመጡበት ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው፤ የፔዳጎጂ ማዕከል ይሉታል።

እኔ ለልጆቼ የፔዳጎጂ ማዕከል የለኝም። ሰማያዊ ጋሪ ግን አለኝ። ካልጋሪ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ተመልሰው ጥቅም ላይ የሚውሉ ነገሮች የሚጣሉበት ማለት ነው። ዓርብ ማታ ከፈትኩትና የእንቁላል ካርቶን፣ የጥቅልል ወረቀት እምብርት፣ የወተት ክዳን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣሁ። ጎረቤቴ በመስኮት እያየኝ ነበር፤ እጄን አውለበለብኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁሳቁሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። አንዲት እናት የፕላስቲክ ጠርሙሱን አንስተው «ሃይላንዱን ምን ልታደርጉት ነው?» ሲሉ ልጆቹ ሳቁ። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ እኛ አገር ግን ብዙ ሰው ማንኛውንም የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ እንዲያ ይለዋል። አንዱ ልጅ ሌላ ጭንቀት ነበረው። በአልበርታ ከአንድ ሊትር ያልበለጠ ባዶ ጠርሙስ ሲመለስ 10 ሳንቲም፣ ከዚያ የሚበልጠው 25 ሳንቲም ያስገኛል። «ከቆረጥነው ሳንቲሙስ?» አለ። ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር።

መቀስ ማምጣትም ረስቼ ኖሯል። በክፍሏ ውስጥ የተገኘው ሦስት ብቻ ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው።

እንግዲህ ያልታሰበው ነገር የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቲቸር «መቀስ በእንግሊዝኛ አይሰጥም» አሉ። ወዲያው ክፍሏ ገበያ ሆነች። «መቀስ ስጠኝ!» «ቆይ፣ አልጨረስኩም!» «የኔ ተራ ነው!» ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ላለችው ልጅ «አቀብለኝ» አለቻት። ቲቸር «ለሴት ልጅ አቀብዪኝ ነው የሚባለው» ብለው አረሟት። ልጄ ትንሽ አሰበችና «‹ለ› የት ሄደች?» ብላ ጠየቀች። በሁለት መቶ ካርድ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

ያን ቀን ከእንቁላል ካርቶን ኤሊ ነው የሠራነው። ኤሊዎቹ አያምሩም። አንዱ አምስት እግር አለው። ነገር ግን ቁረጥ፣ ቁረጪ፣ እጠፍ፣ እጠፊ፣ ለጥፍ፣ ለጥፊ፣ ያዝልኝ፣ ያዢልኝ የሚሉት ቃላት ሳይጠኑ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መቀስ አልገዛሁም። ኮላውም አንድ ሳህን ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ከዱቄት እንሠራዋለን። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በሦስት ሲኒ ውሃ ትበጠብጡና በቀስታ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር ትጠብቃላችሁ። እንደ አጥሚት ሲሆን ይወርዳል። ለወረቀትና ለካርቶን በቂ ነው፤ ለፕላስቲክ ግን አይሆንም፣ አትድከሙ።

አንዳንዱን ሳምንት በአጭሩ ልለፈው። በጨው ሊጥ (ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ጨው፣ አንድ እጅ ውሃ) የሠራናቸው ላሞች ሲደርቁ ቀንዳቸው ረገፈ። ለእንቁጣጣሽ የምንሥለውን ሥዕል ደግሞ ከአሁኑ እየተለማመድን ነው። በእኛ ጊዜ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ ሥለን በመስከረም 1 ጠዋት ለየጎረቤቱ እንሰጥና ሳንቲም ወይም ዳቦ እንቀበል ነበር፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይጨፍራሉ። እዚህ ሁሉም ይሥላል፣ ሁሉም ይጨፍራል። ሴፕቴምበር 11 ጎረቤቴ ደጅ የልጆች ሰልፍ ሊያይ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት የኬብሉን ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤቴ አሮጌ የኔትወርክ ኬብል ሊጥል ሲል አስፈቅጄ ወሰድኩ። የላዩን ልባስ ቤት ውስጥ ራሴ ገፈፍኩት፤ ቢላ ስለሚጠይቅ ለልጅ አይሰጥም። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዱ ነጭ ካለበት ጓደኛው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጠምዝዟል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አነሳችውና «ይሄ እኮ ሹሩባ ነው!» አለች። እኔም ጥንዶቹ የተጠማዘዙት አንዱ የሌላውን መልእክት እንዳይረብሽ መሆኑን ነገርኳቸው። ማንም አልሰማኝም። ሁሉም መጎንጎን ጀምረው ነበር። ጠምዝዝ፣ ጎንጉን፣ ቋጥር፣ ፍታ። አምባር ወጣ፣ መነጽር ወጣ፣ ሸረሪት ወጣ።

ኬብሉን ሳስብ በአእምሮዬ የነበረው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደ። ቀደም ባሉት ሥራዎቹ የሸሚዝ ቁልፍ በክር እየሰፋ ሥዕል ይሠራ ነበር። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ «ታይትሮፕ» በሚለው ተከታታይ ሥራው የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኪቦርድ ቁልፎችን እየጎነጎነና እየደረደረ ግድግዳ የሚያህሉ ሥራዎችን ይሠራል። ከሩቅ ስታዩአቸው ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላሉ። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። የሥራዎቹን ፎቶ ለልጆቹ ሳሳያቸው ቲቸር አንድ ነገር አስተዋሉ። የበሩም፣ የሸሚዙም፣ የኪቦርዱም በአማርኛ «ቁልፍ» ነው። ልጆቹ ኪሳቸውን፣ ደረታቸውንና የእኔን ላፕቶፕ እየነኩ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያሉ ጮኹ።

የሽቦ መኪናው ቀን ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ከቤት ስድስት የብረት የልብስ መስቀያና አንድ ፒንሳ ይዤ ሄድኩ። ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ አንድ አባት በሩ ላይ ቆመው ጠረጴዛውን አዩ። ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሽቦ መኪና ልንሠራ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የሽቦ መኪና የሠራሁት አባቴ ሌላ ሊገዛልኝ ስላልቻለ ነው። ልጄን እዚህ ያመጣሁት ከቆሻሻ ጋር እንዲጫወት አይደለም።»

የምመልሰው አጣሁ። ወላጆቼ ሁለቱም ደሞዝተኞች ነበሩ፤ የሽቦ መኪና ስሠራ የተገዛም መኪና አልጋዬ ሥር ነበረኝ። ለእኔ ጨዋታ የነበረው ለእሳቸው ሌላ አማራጭ ያልነበረው ነገር ነው። ይህን ልዩነት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም። «እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

መስቀያውን አቃናሁ፣ አጠፍኩ፣ የሾለውን ጫፍ ሁሉ በፕላስተር ጠቀለልኩ። አራት የወተት ክዳን በስቼ ጎማ አደረግኩ። መኪናዬ ሣጥን መሰለ። ይሄዳል፤ ግን ቀጥታ ብቻ ነው የሚሄደው።

«መሪው የታለ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ተነሥተው ፒንሳውን ከእጄ ወሰዱ። የፊቱን የጎማ ዘንግ ከአካሉ አላቀቁትና መሐሉ ላይ ብቻ ልል አድርገው አሰሩት፤ ግራና ቀኝ እንዲዞር ነው። ከዚያ ረጅም ሽቦ ከዘንጉ ጋር አጣብቀው በመኪናው ጣራ በኩል ወደ ኋላ አወጡት፤ ጫፉን ክብ አድርገው ጠመዘዙት። ቆማችሁ እየገፋችሁ የምትነዱበት መሪ ማለት ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ሽቦ አቀብል ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጃቸው ጠጋ አለ። «ያዝልኝ። ጠበቅ አድርገህ። እንዲያ አይደለም፣ ወዲህ» ይሉታል። ልጁ ይይዛል። ጎማው ከምን ይሠራ እንደነበር ጠየቃቸው። ከሸበጥ፣ ከነጠላ ጫማ፣ አሉት። አንድ ቀን የእህታቸውን ሸበጥ ቆርጠው አራት ጎማ አውጥተው በአለንጋ ተገርፈዋል። ልጁ አፉን ከፍቶ አያቸው። ካልጋሪ የምትኖረውን አክስቱን ነው የሚያወሩለት።

«አክስቴ አለቀሰ?» አለ።

«አለቀሰች» አሉ ቲቸር ከወዲያ።

«አለቀሰች?»

«አንድ ሳምንት በባዶ እግሯ ሄደች እኮ» አሉ አባትየው። ፒንሳውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ።

ሲወጡ በሩ ላይ «አሁንም አልወደድኩትም» አሉኝ። መኪናውን ግን በብብታቸው ይዘው ነበር። ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ከባለቤቴ ጋር ብዙ ጊዜ አውርተንበታል፤ እሷ ግማሽ ለግማሽ ትላለች፣ እኔ አሁን ከግማሽ በላይ ልክ ይመስሉኛል። ቢሆንም በሚቀጥለው ቅዳሜ አባትና ልጅ ቀድመውን መጥተው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ መልእክት ላኩልኝ። «የፕላስቲክ ክዳን በበረዶ ላይ አይዝም። ለጎማ አሮጌ ሸበጥ ፈልግ» ይላል። ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወደ ምድር ቤት ሮጠች። ስትመለስ በአንድ እጇ ባለፈው ወር የገዛሁትን ሸበጥ፣ በሌላው መቀስ ይዛለች።

«አባዬ» አለችኝ፤ «ልቁረጠው?»