ከጉድጓዱ የወጣችው ሳዳኮ

አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ያየው ሁሉ በሰባተኛው ቀን ይሞታል። ጃፓናዊው ደራሲ ኮጂ ሱዙኪ «ሪንግ» የተሰኘውን ልቦለዱን በ1991 (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዛሬ ታሪኩ ሲነሣ በብዙዎች ዓይነ ኅሊና የምትመጣው ግን ነጭ ለብሳ፣ ፊቷን በጥቁር ጸጉሯ ሸፍና ከቴሌቪዥን የምትወጣው የእርግማኑ ምንጭ ሳዳኮ ናት። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

መጽሐፉ ወደ ምርመራ ታሪክ ያደላል። አሳካዋ የተባለ ጋዜጠኛ አራት ወጣቶች በአንድ ሰዓት የሞቱበትን ምክንያት ሲያነፈንፍ ካሴቱ ላይ ይደርሳል፤ ራሱም ያየዋል። ሱዙኪ እርግማኑን እንደ ተላላፊ በሽታ ስለሚያየው ፈንጣጣን ሳይቀር ከታሪኩ ጋር አያይዞታል። መዳኛው ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው።

የሳዳኮ እናት ዕጣ በእውን ከኖሩ ሰዎች ታሪክ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በ1910 በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ቶሞኪቺ ፉኩራይ፣ ቺዙኮ ሚፉኔ የተባለች ሴት ተሸፍኖ የተቀመጠን ነገር ታያለች ብሎ በምሁራን ፊት እንድትፈተን አደረገ። ውጤቱ ጥርጣሬ አስነሣ፤ ወቀሳውም በረታባት። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ፣ ገና በ24 ዓመቷ፣ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ፉኩራይ በኋላ የመረመራት ሌላዋ ሴት ደግሞ ሳዳኮ ታካሃሺ ትባል ነበር። በታሪኩም የሳዳኮ እናት ተዋርዳ ራሷን ታጠፋለች። የሪንግን ሐዘን እውነተኛ የሚያደርገው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው።

ሳዳኮ የተጣለችበት ጉድጓድ ምንጭ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። በ1741 በኦሳካ በአሻንጉሊት ቲያትር የቀረበ ተውኔት የኦኪኩን ታሪክ ይተርካል። ከአሥር የከበሩ ሳህኖች አንዱ በመጥፋቱ የተወነጀለችው ይህች አገልጋይ ተገድላ ጉድጓድ ውስጥ ትጣላለች፤ ሌሊት ሌሊት ሳህኖቹን ስትቆጥር ድምፅዋ ይሰማል። በሂሜጂ ግንብ ቅጥር ውስጥ በስሟ የሚጠራ ጉድጓድ አሁንም ይጎበኛል። በ1825 ደግሞ አራተኛው ናምቦኩ ጹሩያ ካቡኪ ለተባለው የጃፓን ባህላዊ ቲያትር የጻፈው የዮጹያ ተውኔት ባሏ የከዳትንና በመርዝ ፊቷ የተበላሸባትን ኦኢዋን አመጣ። ጸጉሯን ስታበጥር እየተነቀለ የሚወድቅበት ትዕይንት የጃፓን ተመልካች ሊረሳው ያልቻለ ነው።

ዳይሬክተሩ ሂዴዮ ናካታና የፊልም ጽሑፍ ደራሲው ሂሮሺ ታካሃሺ በ1998 «ሪንግ»ን ወደ ፊልም ሲለውጡ ያደረጉት ትልቅ ነገር እነዚህን ጥንታዊ ሴቶች ወደ ታሪኩ መመለሳቸው ነው። የቫይረሱን ትንታኔ ተዉት፤ ጋዜጠኛውን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አደረጉት። ሳዳኮን የተጫወተችው ሪዬ ኢኖኦ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀርጻ ቀረጻው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ታየ፤ ያ የሰው የማይመስል አረማመድ የመጣው ከዚህ ቀላል ዘዴ ነው። ከሪንግ ጋር በአንድ ቀን የተከፈተው ሁለተኛው ፊልም «ራሰን» የሱዙኪን ሳይንሳዊ መንገድ ተከትሎ ነበርና ተመልካች ፊቱን አዞረበት። አዘጋጆቹም በ1999 እርሱን እንዳልነበረ ቆጥረው ሌላ ተከታይ ሠሩ።

በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያ የራሷን ሪንግ አወጣች፤ የጃፓን ፊልሞች እዚያ ለዓመታት ታግደው ቆይተው በሩ መከፈት የጀመረው ገና በ1998 ነበር። በ2002 ጎር ቨርቢንስኪ በአሜሪካ የሠራው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ሌሎች የእስያ አስፈሪ ፊልሞች በሆሊዉድ እንደገና እንዲሠሩም መንገድ ጠረገ። የፊልሙ ምስሎች፣ በተለይም በመርከብ ላይ የሚደነብረው ፈረስ፣ ግሩም ናቸው። ነገር ግን ሳዳኮ እዚያ ሳማራ ስትሆን በአደባባይ የተዋረደችው እናት ጠፍታለች፤ ልጅቷን ጉድጓድ ውስጥ የምትጥላትም አሳዳጊ እናቷ ናት። ጥፋቱ ከማኅበረሰቡ ላይ ተነሥቶ በአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ።

በ2012ቱ የጃፓን ፊልም እርግማኑ ከካሴት ወደ ኢንተርኔት ቪዲዮ ተዛወረ፤ በ2016 ደግሞ ሳዳኮን ከሌላ ፊልም መንፈስ ከካያኮ ጋር አጋጠሟት። ሁለቱም በጸጉሯና በነጭ ልብሷ ይነግዳሉ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ ማን እንደጣላት፣ እናቷን ማን እንዳዋረደ አይጠይቁም።